ትንሿን ሽጉጥ የታጠቃት ማን ነበር?

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በጀርመን ሀገር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሰሞኑን ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከሚንከባከባቸው አዛውንት እናቶች አንዷ የአባታቸውን የጦርነት ዘመን ፎቶግራፍ አሳይተውታል። አባትየው የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ትንሽ የሽጉጥ አፎት ታጥቀው ቆመዋል። ልጁም «ጋሼ፣ ትንሿን የጀርመን ሽጉጥ የሚታጠቁት የኤስኤስ መኮንኖች ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። እኒህ ሰው ኤስኤስ ነበሩ ማለት ነው? ሴትዮዋንስ ከእንግዲህ በምን ዓይን ልያቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኤስኤስ ማለት የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ፣ የማጎሪያ ካምፖቹም ጠባቂ ነው።

እንቅልፍ የነሣችኝ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ሌላ ጀርመናዊት፣ ስለ ሌላ አባት፣ ስለዚያችው ዓይነት ሽጉጥ ያነሡት ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርሱን ሳልናገር «ናቸው» ወይም «አይደሉም» ብዬ ብመልስ ለልጁ የሚበቃው አይመስለኝም። ስለዚህ ለእርሱ የጻፍኩትን አስፍቼ ለሁላችሁም አቀርባለሁ። ሥራ ውደዱ፣ ቋንቋ ተማሩ፣ ገንዘብ ቆጥቡ የሚለውን ከወላጆቻችሁ ስለ ሰማችሁት አልደግመውም።

እኔ የብረት ሰው ነኝ። በምሥራቅ ጀርመን የብረት ቅርሶችን መጠገን፣ መመርመርና መመዝገብ ተማርኩ፤ ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሙዚየም አገለገልኩ። በእጄ ያለፈው የጦር መሣሪያ ብዙ ነው። አንዱንም ለመተኮስ ተመኝቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የልጁን ጥያቄ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ምድር ጦር መደበኛ ሽጉጦች ሁለት ነበሩ፤ ብዙዎች ሉገር የሚሉት ፒ 08 እና እርሱን ሊተካ የመጣው ፒ 38። ሁለቱም ባለ 9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከእነርሱ ጎን ግን ባለ 7.65 ሚሊ ሜትር ትንንሽ ሽጉጦች በብዛት ይታደሉ ነበር፤ በጼላ-ሜሊስ ከተማ የሚሠሩት የዋልተር ፒፒ እና ፒፒኬ፣ በኦበርንዶርፍ የሚሠሩት የማውዘር ሞዴል 1934 እና ኤችኤስሲ፣ በዙል የሚሠራው ዛወር 38ኤች። ፒ 08 ርዝመቱ 22 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 870 ግራም ገደማ ነው። ፒፒኬ 15.5 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ክብደቷም ወደ 590 ግራም ነው። የጥይቷ ጉልበት ከትልቁ ግማሽ አይሞላም።

እንግዲህ መሣሪያ ያጠረው ትልቅ ጦር ደካማውን ሽጉጥ ለማን ይሰጣል? ዋና ሥራው መተኮስ ላልሆነ ሰው ይሰጣል። አውሮፕላን አብራሪው ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ረጅም አፎት ወገቡን ይወጋዋል፤ ሽጉጡም የሚያስፈልገው በጃንጥላ ወርዶ ጠላት ምድር ላይ ከቆመ ብቻ ነው። መርከበኛው፣ የጦር ሐኪሙ፣ በጠቅላይ መምሪያ ካርታ ላይ ሲያጎነብስ የሚውለው መኮንን፣ የደመወዝ ከፋዩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ የከተማው ፖሊስ፣ የባቡር ጣቢያ ዘበኛው ሁሉ ትንሿን ይታጠቅ ነበር። የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት የሕክምና ባለሙያ ራሱንና ቁስለኞቹን ለመከላከል መታጠቁን አይከለክልም። የፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ምልክት ያስመታባቸው ዋልተሮች እኔም አይቻለሁ። ጄኔራሎችም ይይዟት ነበር፤ ጄኔራል በሽጉጡ ተኩሶ ጦርነት እንደማያሸንፍ ያውቃልና። የናዚ ፓርቲ ሹማምንትም ንስር ያለበት እጀታ የተገጠመላት ፒፒኬ እንደ ማዕረግ ምልክት ይታጠቁ ነበር። ሂትለር ራሱ ኤፕሪል 30 ቀን 1945 ራሱን የገደለው በ7.65 ዋልተር ነው። ፊልሙም የሽጉጥ ነጋዴውም ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እነዚህን የመጨረሻዎቹን ብቻ መርጠው ነው የሚያሳዩን።

ነገሩ በዚያ ጦርነት አልተጀመረም። በ1914 ጦርነት ሲፈነዳ ፒ 08 ለሁሉም ሊዳረስ ስላልቻለ የጀርመን ጦር ከዙልና ከአካባቢዋ ፋብሪካዎች ቤሆላ፣ ላንገንሃን፣ ድራይዘ፣ ዛወር የሚባሉ ትንንሽ ሽጉጦችን ሰብስቦ አስታጠቀ። ብዙ መኮንንም ሽጉጡን በገዛ ገንዘቡ ይገዛ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ የተያዙት አገሮች ፋብሪካዎች ለጀርመን እንዲሠሩ ተደረገ። ከቤልጅግ የኤፍኤን ብራውኒንግ 1922፣ ከቼክ ምድር ሲዜድ 27 መጡ፤ ከወዳጇ ከሃንጋሪም ለጀርመን አየር ኃይል የተሠራው ሞዴል 37 ተጨመረ። ስለዚህ «የጀርመን ትንሽ ሽጉጥ» ስትሉ ቡዳፔስት የተሠራ ብረት በእጃችሁ ይዛችሁ ሊሆን ይችላል።

ፎቶግራፉን ደግሞ ከሽጉጡ ሳይሆን ከልብሱ ጀምራችሁ አንብቡ። የምድር ጦርና የአየር ኃይል ወታደር የናዚ መንግሥት ምልክት የሆነውን ንስር በቀኝ ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ የኤስኤስ ወታደር በግራ ክንዱ ላይ። ፖሊስም በግራ ክንዱ ነው፤ የእርሱ ንስር ግን በቅጠል አክሊል ተከብቧል። የባቡር ሠራተኛ ቆብ ላይ ክንፍ ያለው መንኮራኩር ይታያል። ይህን ያህል ለማወቅ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል። ትዕግሥት ስል ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የዛሬ ወጣት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለስልኩ ያሳየውና የመጣለትን የመጀመሪያ መልስ ይዞ ይሄዳል። ስልኩ «የኤስኤስ ሽጉጥ» ካለው በቃው። እኛ አንድ ማኅተም ለማንበብ ሳምንት ስንቀመጥ የነበርነው ሌላ ሥራ አጥተን አልነበረም።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ።

በምሠራበት ሙዚየም ስለ ጦርነቱ ዘመን የተዘጋጀ ቋሚ ትርኢት ነበር። በአንዱ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ዋልተር ፒፒ ተቀምጣ፣ ከሥሯ «የኤስኤስ መኮንን ሽጉጥ» የሚል መግለጫ ተጽፎ ነበር። ይህ የተጻፈው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ሽጉጧ የመጣችው ከፖሊስ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1972 አዲስ የጦር መሣሪያ ሕግ ስታወጣ ብዙ ቤተሰብ ከጣሪያ ሥርና ከምድር ቤት ያወጣውን አስረክቦ ነበር፤ ይህችም ያኔ ከተሰበሰቡት አንዷ ናት። አብሯት የመጣ ወረቀት አልነበረም። ታዲያ ኤስኤስ የሚለው ከየት መጣ? ብረቱ ላይ ከተመታው ንስር ነው።

እዚህ ላይ የመምህሬን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በተማሪነቴ ብረት ያስተማሩን ሽማግሌ በልጅነታቸው በዙል የጠመንጃ ሠሪ ረዳት የነበሩ ናቸው። በክረምት በረዶ በባቡር ወደ ዙል ወስደው በጥንቱ የብቅል ቤት ውስጥ ያለውን የጦር መሣሪያ ሙዚየም አስጎበኙን። ለእኔ፣ ከሞቃት አገር ለመጣሁት ልጅ፣ ብርዱ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር፤ እርሳቸው ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ከዚያ አንድ ሽጉጥ አምጥተው ጣታቸውን በንስሯ ላይ አድርገው «ይህ ምንድን ነው?» አሉን። ሁላችንም «የናዚ ጦር ምልክት» አልን። «ከሥሩ ያለውን ፊደል ሳታነቡ?» አሉን። ንስር ከሥሩ ኤን የሚል ፊደል ካለው የሲቪል የፍተሻ ምልክት ነው። ከ1940 ጀምሮ በጀርመን ገበያ የወጣ ሽጉጥ ሁሉ በባሩድ ተፈትኖ ካለፈ ያ ይመታበታል፤ የገዛው ነጋዴም ይሁን የጥርስ ሐኪም ለውጥ የለውም። ጦር ሠራዊቱ መሣሪያ ሲረከብ የሚያስመታው ማኅተም ሌላ ነው፤ ዋልተር ላይ ከንስሩ በታች 359 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። የፖሊስ ደግሞ ንስርና ሲ ወይም ንስርና ኤፍ ነው። የባሕር ኃይሉ ንስርና ኤም። መምህሬ ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማርልኝና፣ ከዚያ ቀን በኋላ ንስር ሁሉ አንድ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

በሙዚየማችን የነበረችው ዋልተር ላይ ያለው ንስር ኤን ብቻ ነበር። ይህን በጽሑፍ አመልክቼ ነበር፤ መግለጫው ግን አልተነሣም።

አንድ ዝናባማ ቀን ከጡረተኞች ቡድን ጋር የመጡ ሴት ቡድናቸው ሲሄድ ከሣጥኑ ፊት ቀሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ይመስለኛል። ዘበኛውን «ቁጥሯን የሚያነብልኝ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም እኔን ከጥገና ክፍል ጠራኝ። ቁጥሩን አነበብኩላቸው፤ መጨረሻው ላይ ፒ የሚል ፊደል ያለበት ነው። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው በአራት የታጠፈ ካርድ አወጡ። የባቡር ጥበቃ አገልግሎት የሰጠው የሥራ መታወቂያ ሲሆን፣ ስሙ የተጠቀሰው ሠራተኛ በሥራ ላይና ወደ ሥራ ሲሄድ ዋልተር 7.65 ሽጉጥ መያዝ ተፈቅዶለታል ይላል። ቁጥሩ ተጽፏል። ፊደሉ ሳይቀር አንድ ነው።

«አባቴ ነው» አሉኝ። «እናቴ ለፖሊስ ስታስረክባት አብሬያት ሄጄ ነበር።»

በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አያጋጥምም። ብረቱ በአንድ በኩል፣ ወረቀቱ በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው የባለቤቱ ልጅ በሕይወት ቆማ። ወደ ጥገና ክፍል አስገብቼ ሻይ አቀረብኩላቸው። ካርዱን ስገለብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር አየሁ፤ ቀኖችና የቦታ ስሞች ይመስላሉ፤ ጽሑፉ ግን ደብዝዞ በዓይን አይነበብም። በሥራችን እንዲህ ያለውን እርሳስ ከጎን በሚበራ መብራትና በልዩ ፎቶግራፍ እናነበዋለን፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይቻላል። ሴትዮዋም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በ1942 አንድ ሰሞን አባታቸው ሌሊት ሌሊት እየተጠሩ ይወጡ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ሲመለሱ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ልጅቷ ያኔ ትንሽ ናት። አባትየው ስለዚያ ወቅት ምንም ሳይናገሩ በሃምሳዎቹ ዓመታት ሞቱ።

ወደ ኃላፊው ሄድኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ተናገሩ። የመጀመሪያው፣ ጎብኚ የሚቆመው ኤስኤስ የሚለው ቃል ፊት ነው፤ ለባቡር ዘበኛ ሽጉጥ ማንም አይቆምም አሉ። ሁለተኛው፣ ካርዱ ለትርኢት የሚሆን ዕቃ ስላልሆነ በመዝገብ አንቀበለውም አሉ። የሙዚየም ደንብ ደግሞ በመዝገብ ያልገባ ዕቃ በጥገና ክፍል ማደር አይችልም ይላል። ደንቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ፤ ዕቃ የሚጠፋው በእንዲህ ያለ ክፍተት ነውና። በዚያ ቀን ግን ያችን ካርድ ከመብራቴ ሥር አስወጣት። ከሰዓት በኋላ በቀረችን ጊዜ የቻልኩትን ሞከርኩ፤ ከአንድ ቀን በቀር ምንም ሊነበብልኝ አልቻለም። ሴትዮዋ ካርዳቸውን አጥፈው ይዘው ሄዱ።

በሌላ ጊዜ ተመልሰው መጡ፤ መግለጫው እንዲታረም በጽሑፍ አመለከቱ። ኃላፊው «ቤተሰብ ሁልጊዜ የራሱን ሰው ንጹሕ ሊያደርግ ይፈልጋል» አሏቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «አባቴን አጽዱልኝ አላልኩም፤ ያልሆነውን አታድርጉት፤ የሆነውን ንገሩኝ ነው ያልኩት» አሉ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ዓመታት አልፈው ሌላ ኃላፊ ሲሾም መግለጫው ተነሥቶ «ባለቤቱ ያልታወቀ ሽጉጥ» የሚል ተተካ። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ፈለግኋቸው። ሞተዋል፤ ወራሽ የሌለው ቤታቸው ተጠርጎ ዕቃቸው ተበትኗል። ካርዷም አብራ ሄደች። ባለቤቱ የታወቀ ነበር፤ ልጁ ከፊታችን ቆማ ነበር። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ልጆቼ፣ የካርዱ ጀርባ ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰበኝ ልንገራችሁ። «የባቡር ዘበኛ» ሲባል ድንጋይ ከሰል ከሌባ የሚጠብቅ ምስኪን ሰው ይታሰባችኋል። ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ። ነገር ግን አይሁዶችን ወደ ሞት ካምፖች ያጓጓዘው የጀርመን ባቡር ነው። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ጉዞ የሦስተኛ ማዕረግ ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ ለአንድ ሰው በኪሎ ሜትር 4 ፕፌኒግ (የማርክ መቶኛ)፣ ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግማሹን፣ ከ400 ሰው በላይ ሲጫን ደግሞ የቡድን ቅናሽ። ሒሳቡን የሠራ ጸሐፊ አለ። ሃዲዱን የቀየረ አለ። ጣቢያው ላይ ሰው እንዳይጠጋ የከለለ አለ። የዚያች ሴት አባት በዚያ ሰሞን ሌሊት የቆሙት ከሰል አጠገብ ነው ወይስ ሰው በታጨቀበት ፉርጎ አጠገብ? መልሱ በዚያች ካርድ ጀርባ ላይ ሊኖር ይችል ነበር። ኤስኤስ የሚለው ሐሰተኛ መግለጫ ሁለት ጊዜ ጎድቷል። ያልሆኑትን አደረጋቸው፤ የሆኑትንም እንዳንጠይቅ አዘናጋን። ክፋቱን ሁሉ ለኤስኤስ ከሰጠን በኋላ ጸሐፊውንና ዘበኛውን ማን ይጠይቃል?

ከላይ ትንሿን ሽጉጥ የያዘው ሥራው መተኮስ ያልሆነ ሰው ነው ብያለሁ። ያ አባባል እኔንም ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ፒፒ የተሠራችው ለፖሊስ ነው፤ ፖሊስ ደግሞ በዚያ ጦርነት መንገድ ብቻ አልጠበቀም። ከሃምቡርግ የሄደው 101ኛው ተጠባባቂ የፖሊስ ሻለቃ ጁላይ 13 ቀን 1942 በፖላንድ በዩዜፉፍ ወደ 1,500 የሚጠጉ አይሁዶችን ጫካ ወስዶ ረሸነ። የተኮሱት በጠመንጃ ነው፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ግን መካከለኛ ዕድሜ ላይ የደረሱ፣ በሲቪል ሕይወታቸው ወደብ ላይና በመጋዘን የሚሠሩ አባወራዎች ነበሩ። ስለዚህ አፎቱ ትንሽ ነው ብላችሁ ሰውየውን ነፃ አታውጡት። ትልቅ ነው ብላችሁም አትፍረዱበት።

ሌላ ደግሞ አለ። በአንደኛው ጦርነት ለጀርመን የተዋጉ አይሁድ መኮንኖች በገዛ ገንዘባቸው የገዟትን ትንሽ ሽጉጥ ከሜዳሊያቸው ጋር መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን 1938 አይሁድ ማንኛውንም መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክል ድንጋጌ ወጣና ሽጉጡንም፣ ዱላና ጩቤውንም ሳይቀር አስረከቡ። በማውዘር ሞዴል 1914 ላይ ስሠራ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። ያቺ ሽጉጥ በ1938 ከአንዱ ተወስዳ በ1939 ለሌላው ታድላ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ይህን አይነግረኝም።

ዛሬ እነዚህ ሽጉጦች የሚሸጡበት ገበያ ደግሞ የባሰ ነው። በኤፕሪል 1945 የአሜሪካ ጦር ዙልና ጼላ-ሜሊስ ያሉበትን የቱሪንጊያን ግዛት ሲይዝ፣ ጁላይ ላይ ለሶቪየቶች እስኪያስረክብ ድረስ፣ ወታደሩ ከዙልና ከጼላ-ሜሊስ ፋብሪካዎች ያልተጨረሰውን ሳይቀር በሻንጣው እየከተተ ወሰደ። ከእስረኛ ወገብ የተፈታውም እንዲሁ። ሽጉጧ ስትሄድ ወረቀቷ ቀረ። በባዶው ቦታ ነጋዴው ታሪክ ይጨምራል፤ ኤስኤስ፣ ጄኔራል፣ የፓርቲ ሹም የሚለው ዋጋ ስለሚጨምር ሐሰተኛ ማኅተም የሚመታም አለ። አንድ ዋልተር ብቻውን ተሠርቶ እንዳልመጣም አትርሱ። ፋብሪካው በኖይንጋመ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግዳጅ ያሠራ ነበር። በብረት አሠራሩ አሁንም እደነቃለሁ፤ መምቻውና ቃታው እንዴት እንደሚግባቡ ስታዩ የሰው ልጅ ብልሃት ያስገርማችኋል። በደርግ ዘመን ማካሮቭ በቅርብ ያያችሁ አባቶች ካሏችሁ ጠይቋቸው፤ ያ የሶቪየት ሽጉጥ አቀማመጡን በአመዛኙ የወሰደው ከዋልተር ፒፒ ነው። የማደንቀውን ነገር ግን የሠሩትን እጆች እያሰብኩ ነው የማደንቀው። ሁለቱን መነጣጠል አልቻልኩም።

በእኛም ሀገር ይህ ነገር አለ። ከጣሊያን ጦርነት የተረፈ ቤሬታ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አይጠፋም። የልጅ ልጁን ስትጠይቁት «አያቴ ከጄኔራል የማረኩት ነው» ይላችኋል። ይሆናል። ነገር ግን ቤሬታ ሞዴል 34 የጣሊያን መደበኛ ሽጉጥ ነበር፤ የመቶ አለቃውም ታጥቆታል። አያትየው ከመቶ አለቃ ማርከው ቢሆን ጀግንነታቸው በምን ይቀንሳል? የአርበኛው ስም፣ የማረኩበት ወንዝና ዓመት ከእናታችሁ አፍ ሳይጠፋ ጻፉት። ጄኔራሉን ተዉት።

ወጣቶችን ስወቅስ ቆይቻለሁና አንድ ነገር ላስተካክል። ይህ በመጦሪያው የሚሠራ ልጅ ከሥራ ሰዓቱ በላይ ተቀምጦ የአንዲት ባዕድ ሴት ፎቶግራፍ አይቷል፤ ከዚያም «በምን ዓይን ልያቸው» ብሎ ተጨንቋል። በእኔ ዘመን ከነበርን ባለሙያዎች ስንቱ እንዲህ ተጨነቀ? ለእርሱ የምለው ይህ ነው። ልጄ፣ ሴትዮዋ ፎቶግራፉ ሲነሣ ሕፃን ነበሩ። ምግባቸውን በሰዓቱ አቅርብላቸው፤ እጃቸውን ያዛቸው፤ የአባታቸው ዕዳ የእርሳቸው አይደለም። ስለ አባታቸው ግን መጠየቅ አትፍራ። ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው የማይጠይቋቸውን ከሩቅ ለመጣ ሰው ይናገራሉ። እኔ በዚህ ሀገር ብዙ የሰማሁት ጥቁር ስለሆንኩ ነው፤ እንደማልፈርድባቸው ተሰማቸው መሰለኝ። እኔ ግን ፈርጄም አውቃለሁ።

ስትጠይቅ አባትየው የተወለዱበትን ቀንና ቦታ ቀድመህ ያዝ፤ ያለ እርሱ ማንም መዝገብ አያገለግልህም። ወታደር ከነበሩ በርሊን የነበረው የወታደሮች መረጃ ቢሮ ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት አካል ስለሆነ ለዚያ ይጻፋል። የወታደሩ የደመወዝ ደብተር ከተረፈ ውስጡን ግለጥ፤ የታደለው መሣሪያ የሚመዘገብበት ገጽ አለው፤ የሽጉጡ ቁጥር ከዚያ ሊገኝ ይችላል። የባቡር ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ከነበሩ በየክፍለ ግዛቱ ቤተ መዛግብት መፈለግ ግድ ይሆናል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ባስተዳደሩት የጀርመን ክፍል ይኖሩ ከነበሩ ደግሞ ባለ 131 ጥያቄ ቅጽ ሞልተው ይሆናል፤ የት እንደ ሠሩ፣ በምን ማኅበር እንደ ነበሩ በራሳቸው እጅ የጻፉት ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ እንደሚደብቅ አውቀህ አንብበው። ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ሴትዮዋን አስፈቅድ፤ ቤተሰብ ካላቸውም በጽሑፍ ይፍቀዱልህ። ፎቶግራፉን ስታነሣ ፊቱን ብቻ አታንሣ። ገልብጠህ ጀርባውንም አንሣው፤ እርሳስ ካለበት መስኮት አጠገብ ወስደህ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርግ።